አሰፋችና ያቺ ቤንዚን የጠጣች መኪና

አሰፋች ውባንተ ከምንም ነገር አስበልጣ የምትጠላው የቤንዚን ሽታ ነበር። እባብ አትፈራም። ጅብ ከደጇ ቢያላዝን እንቅልፏን አይነሳትም። ቤንዚን ከሸተታት ግን የነጠላዋን ጫፍ ከአፍንጫዋ ላይ ትለጥፍና «ኤዲያ!» ብላ ፊቷን ታዞራለች። የመንደሩ ሰው እንደ ቅብጠት ያይባታል። ባል የሌላት፣ ሁለት ልጅ በመቆፈሪያ የምታሳድግ የቆላ ሴት ለቤንዚን ሽታ ምን አስቀበጣት? ይላሉ።

ቅብጠት አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የሾፌር ሚስት ሆና ኖራለች። ባሏ ይርዳው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብርሃ ጅራ ላይ የአንድ ትልቅ ባለእርሻ መኪና ይነዳ ነበር። ሸሚዙ ቤንዚን፣ ትራሱ ቤንዚን፣ በእጁ የሚያጎርሳት ጉርሻ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር። አየሁሽን አርግዛ ሳለች ከጎኑ መተኛት አቅቷት አንገረቧን፣ ያቺን የገመድ አልጋዋን፣ ከቤት አውጥታ ዛፍ ሥር ሦስት ወር አድራለች። ይባስ ብሎ መኪናው በተበላሸ ቁጥር ግቢያቸው መሀል ይፈታና «ነይ እስቲ አሰፉ፣ ይህቺን ያዥልኝ» ይላታል። ትይዝለታለች፤ ፊቷን አዙራ፣ ትንፋሿን ውጣ። «እጅሽ ይማር፣ አፍንጫሽ ይቅርብሽ» እያለ ይስቅባታል። እጇም ሳትወድ ተማረ።

ይርዳውን ወባ ከወሰደው ሦስት ዓመት ሆነ። እሷም ከአብርሃ ጅራ ነቅላ አባቷ ወዳቀኑት አገር፣ ከኮኪት ወደ ውስጥ ገባ ወዳለችው መንደር ተመለሰች። ሁለት ሄክታር መሬት ደረሳት። ሰሊጥ ዘራችበት። ደስ ያላት ነገር ቢኖር፣ መሬት ቤንዚን አለመሽተቱ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ሲጠባ ግን ከዚያው ከምትጸየፈው ነገር ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች።

የመንደሩ ገበሬ በማኅበር ተደራጅቷል። ሰሊጡን እያንዳንዱ በየማሳው ይዘራል፤ አጨዳ ሲደርስ ማኅበሩ ከሸሕዲ ከተማ የቀን ሠራተኛ በመኪና እያመጣ በዕጣ ተራ ያሳጭዳል። ለአሰፋች የወጣላት የመጨረሻው ዕጣ ነበር። ወረቀቱን ስትገልጥ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡላት።

ሰሊጥ ደግሞ ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። ሲደርስ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ፍሬ ያዘለው ከረጢቱ ከታች ጀምሮ አፉን ይከፍታል። ያኔ ነፋስ አንድ ጊዜ ከወዘወዘው የዓመት ልፋት መሬት ላይ ፈሶ የጉንዳን ድግስ ይሆናል። ከዚያ በፊት ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ እርስ በርሱ ተደጋግፎ መቆም አለበት። ሂላ ይሉታል። ሂላው ከቆመ በኋላ ነው ገበሬ እፎይ ብሎ ጎኑን የሚያሳርፈው።

አሰፋች ተራዋ ሊደርስ በዋዜማው ማሳዋን ስትዞር በላይኛው በኩል አንዱን አገዳ ዘንበል ብታደርገው ነጭ ፍሬ መዳፏ ላይ ተንጠባጠበ። ክው አለች። ትልቋ ልጇ አየሁሽ ስድስተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ሸሕዲ ዘመድ ቤት ተጠግታ ሰባተኛ ጀምራለች። ቀለቧ ከዚህ ማሳ ነው። ሰሊጡ ከፈሰሰ ልጅቱ ደብተሯን አጥፋ ትመለሳለች፤ ሌላ መንገድ የለም። ከምንም በላይ እረፍት የነሳት ይኸው ነበር። ሠራተኞቹ በማግስቱ የግድ መምጣት አለባቸው።

ማኅበሩ ያለችው መኪና ደግሞ አንዲት አሮጌ፣ በቤንዚን የምትሄድ ትንሽ የጭነት መኪና ናት። ሰው «ዘመቻ» ብሎ ሰይሟታል፤ እሷን ለማስነሳት የመንደሩ ሕዝብ በሙሉ መውጣት አለበትና ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ባሉበት ግን ማንም በዚህ ስም አይጠራትም። ሾፌሯ እንግዳው የደባርቅ ልጅ ነው፤ መንዳትም የተማረው እዚያው ደባርቅ ላይ ነው። ደባርቅ ውርጩ ሞተር ያደርቃል። ያስተማረው ሰው «ቁልፉን ከመንካትህ በፊት ቾኩን እስከ መጨረሻው ሳብ፣ ነዳጅ መስጫውን ሰባት ጊዜ ርገጥ» ብሎት ነበር። ቾክ ማለት አየሩን ዘግቶ ቤንዚኑን የሚያበዛ ሽቦ ነው። እንግዳው ይህን ትእዛዝ እንደ ጸሎት ይዞት ቆላ ወረደ፤ ሰው ገና ከመኝታው ሲነሳ ላብ በሚያጠምቀው አገር ቾክ ይስባል።

የአሰፋች ተራ በደረሰበት ዕለት ጠዋት ውኃ በበርሜል አመላልሶ ሞተሩ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። አጥፍቶ ቁርሱን በላ። ተመለሰና ቾኩን ጎትቶ ሰባት ጊዜ ረገጠ።

«ምን ሆነህ ነው ቾክ የምትስበው? ሞተሩ ትኩስ አይደል እንዴ!» አለችው አሰፋች፣ አፍንጫዋን እንደሸፈነች ከሩቅ ሆና።

«እትዬ አሰፋች፣ አንቺ ወጥሽን አማስይ» አላት መስተዋቱን እያየ ጸጉሩን እየነካካ።

ሞተሩ ተንቋረረ። አልተነሳም። እንደገና ሰባት ረገጠ። አሁንም አልተነሳም። ባትሪው እስኪዝል ድረስ እንዲሁ ሲያንቋርራት ቆየና ሰው ጠራ። ወንዶቹ እየገፉ ዛፉ ድረስ ወሰዷት፤ እየገፉ መለሷት። ሁሉም አዋቂ ሆነ። አንዱ ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ አንዱ «ጠምቷት ነው፣ ጨምርላት» ይላል። እንግዳው የሰማውን ሁሉ ይቀበላል። የላስቲክ ቱቦ ታንከሩ ውስጥ ከተተና በአፉ መጦ ቤንዚን አወጣ፤ ጥቂቱን ዋጠው፤ ጥቂቱን እንትፍ አለው፤ የቀረውን በጣሳ አድርጎ ኮፈኑን ከፍቶ አየርና ቤንዚን ከሚደባለቅበት ካርቡሬተር ላይ ደፋበት። ቤንዚኑ በሞተሩ ጎን እየወረደ አፈሩን አራሰው። እሱ ግሳት እያገሳ አፉን በእጅጌው ጠረገና በዚያው እጁ ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ገመጠ።

አሰፋች ጀርባዋን ሰጥታ ምራቋን ተፋች። ፀሐይዋን አየች፤ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሸሕዲ መንገድ ዳር ማጭዳቸውን ይዘው የሚቀመጡት ሠራተኞች ማንንም አይጠብቁም። መኪና በቆመ ቁጥር እየተሳፈሩ ያልቃሉ፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ ሜዳው ባዶ ነው።

«ማኖቬላውን አምጡ!» አለ እንግዳው። ያ ጠማማ ብረት መጣ። ከፊት ሰክቶ ሲያዞረው ማኖቬላው ያላንዳች ችግር ዞረለት።

«ቀለለ! ቀለለ!» ብሎ ጮኸ።

«እሰይ! ተፍታታች!» አሉ ገፊዎቹ።

አሰፋች ይህን ስትሰማ ቀዝቃዛ ውኃ የደፉባት ያህል ደነገጠች። ይርዳው ደጋግሞ ነግሯታል። ደህና ሞተር ማኖቬላ ይታገላል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ወጣ ገባ የሚለው ፒስተን አየሩን ሲያምቀው ክንድን መልሶ ይገፋል። ቤንዚን ከበዛበት ግን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን አጥቦ ይወስደዋል፤ ዘይት ከሌለ አየሩ በፒስተኑ ዳር ዳር ያመልጣል፤ እምቅ የሚሉትን ያን ግፊት ያጣል። እንዲህ የሆነ ሞተር ሲገፉት ቢውሉ አይነሳም። እነዚህ ሞኞች ትንፋሹ ወጥቶ ሲቀል እልል ይላሉ።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። አፍንጫዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጠችው። ሽታው እንደ ጥፊ መታት።

ሊቀመንበሩ አቶ አዱኛ ሲጋራቸውን እያጨሱ ከሞተሩ ላይ አጎንብሰው ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሲጋራዎን ወዲያ ይዘውልኝ ይሂዱ።»

«ለምን?»

«አብረን እንዳንነድ ነዋ! መሬቱ ራሱ ቤንዚን ጠጥቷል፤ አያዩትም?»

አቶ አዱኛ የቆሙበትን አዩና ክንዳቸውን እንደዘረጉ የኋሊት ተንደረደሩ።

«የኛ ሊቀመንበር 'ወደፊት' ብቻ መስሎኝ የሚያውቁት» አለች ታንጉ የተባለች ጎረቤት ቀስ ብላ፤ «የኋሊቱንም ተክነውበት የለም እንዴ!» ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

አሰፋች እንግዳውን እጁን ያዘችው። «አሁን የምልህን ብቻ ታደርጋለህ። ቁልፉን አጥፋ። ቾኩን መልስ። ካንዴላዎቹን አራቱንም ፍታ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ መካኒክ—»

«እንግዳው፣ ሰሊጤ እየፈሰሰ ነው» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ልጁ ዐይኗን አየና የካንዴላ መፍቻውን ፍለጋ ሄደ።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ሲወጡ ጥቁር ሆነው ቤንዚን ያንጠባጥባሉ። በወጡበት ተራ ድንጋይ ላይ ደረደረቻቸው፤ ሽቦዎቹ እንዳይዛነፉ። እንግዳው ለመርዳት ፈልጎ አንዱን አነሳና ከአፉ መፋቂያውን አውጥቶ ጥቀርሻውን በእሱ ይፍቀው ጀመር። ፈቀፈቀና መፋቂያውን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው።

«ኧረ በሥላሴ!» አለች ታንጉ።

አሰፋች ካንዴላውን ከእጁ ቀማችው። «ትፋው! ትፋው አንተ ርኩስ!»

«ምን አለበት? ቤንዚን እኮ ተባይ ይገድላል።»

«አንተን አለመግደሉ ነው የገረመኝ!»

ካንዴላዎቹን በጨርቅ ጠርጋ፣ ከመኪናዋ ራቅ አድርጋ ፍም ላይ እንዲደርቁ ታንጉን ላከቻት። ቀዳዳዎቹ ባዶ እንደሆኑ ማኖቬላውን አዙሩ አለች፤ ውስጥ የተኛው ቤንዚን በቀዳዳዎቹ ፉት እያለ ወጣ። ጉም የመሰለ ግም። ዐይኗ አነባ። ከዚያ ልትሸሸው የማትችለው ነገር መጣ፤ አውራ ጣቷን ቀዳዳው ላይ መድፈን አለባት። እምቅ መኖሩ የሚታወቀው እንዲያ ነው። ዐይኗን ጨፍና ጣቷን ከተተች። ውስጡ ቅባትና ጥላሸት፣ ሞቅ ያለ፣ የታመመ ከብት አፍ ይመስላል። ሲያዞሩት ጣቷን የገፋው ነገር የሽማግሌ ትንፋሽ ያህል ነው፤ እፍ ብሎ ጠፋ።

«የሞተር ዘይት አምጣ፤ በማንኪያ በማንኪያ እናጠጣው።»

«ዘይት ካለቀ ወር አለፈው» አለ እንግዳው። «ከጎንደር አልመጣም።»

ከሞተሩ ሆድ ለመውሰድ የዘይት መለኪያውን መዘዘችና አሸተተችው። እሱም ቤንዚን ገብቶበት ቀጥኗል። ወረወረችለት። ትንሽ አሰበችና ወደ ዘሊካ ግቢ ሮጠች። ዘሊካ ሰሊጥ በግመል እያስፈጨች ዘይት የምታወጣ ጎረቤቷ ናት።

«ዘሊካ፣ አንድ ጣሳ ጥሩ ዘይት ስጪኝ፤ አተላ የሌለበት።»

«ለወጥ ነው ለጸጉር?»

«ለመኪና።»

«ወላሂ!» አለች ዘሊካ፤ ቀድታም ማንኪያ ጨመረችላት። «ማንኪያውን እንዳትመልሽልኝ። አልፈልገውም።»

አሰፋች የሰሊጥ ዘይት ትወዳለች። ሽታው የአባቷን ቤት ያስታውሳታል። ያንን የመሰለ፣ ወርቅ የሚመስል ዘይት በእያንዳንዱ ጥቁር ቀዳዳ አንዳንድ ማንኪያ ልትጨምር ስትል ንጹሕ ምግብ ቆሻሻ ላይ የምትደፋ መሰላት። ጨመረችው። ማኖቬላው ቀስ ብሎ ጥቂት ዙር ዞረ፤ ዘይቱ በግድግዳው ላይ ተዳረሰ። ጣቷን መልሳ ደፈነች።

«አዙሩ።»

ጠብ! ብሎ ጣቷን አሽቀነጠረው።

«አለ!» አለች። ሁለተኛውን ሞከረች፤ ሦስተኛውን፤ አራተኛውን። ሁሉም መቱ። ለአፍታ የሽታውን ነገር ረሳችው።

ካንዴላዎቹ ደርቀው መጡ፤ በየተራቸው ገቡ። የፈሰሰበት አፈር ላይ እንዳይነሳ መኪናዋን ራቅ አድርገው ገፏት። እንግዳው መሪው ላይ ተቀመጠ፤ አሰፋች ከጎኑ ወጣች። የልጁ አፍ አሁንም ይከረፋል፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ስማኝ። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ድረስ አንድ ጊዜ ትረግጥና ትይዘዋለህ። ማንሳት የለም፤ ደጋግሞ መርገጥ የለም። አየር ነው የምንፈልገው።»

«እግሬ ለምዶበታል እኮ እትዬ።»

«እኔ አስለቅቀዋለሁ» አለችና የራሷን እግር ዘርግታ በእሱ እግር ላይ ጫነችው።

ወንዶቹ ገፉ። እንግዳው በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን፣ በግራ እግር የሚረገጠውን፣ ሲለቀው መኪናዋ ዘለለች፤ አስነጠሰች፤ ቆመች። እንግዳው እግሩን ሊያነሳ ታገለ፤ አሰፋች ጨፈለቀችው።

«ጣቴን!»

«ጣትህ ይሰበር! ግፉ! በማርያም ግፉ!»

ገፉ። አንዱ ሲሊንደር ተተኮሰ፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ መኪናዋ እየተንገጫገጨች አራቱንም ያዘች። ነጭ ጭስ መንደሩን ሸፈነው፤ የተቃጠለ የሰሊጥ ዘይት ሽታ ከቤንዚን ግማት ጋር ተደባልቆ ወጣ።

«የጾም ወጥ አረረ!» አለ አንዱ እየሳለ።

አሰፋች እግሯን አነሳች እንጂ አልወረደችም። ይህን ልጅ ካመነችው ኮኪት ላይ አጥፍቶ ሻይ ይጠጣና ቾኩን እንደገና ይስባል። አንድ እጇን ቾኩ ላይ፣ ሌላውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሸሕዲ ድረስ ሄደች።

ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። መንገድ ዳር የቀሩት አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም ከጎጃም የወረዱ፣ ዋጋ ሲከራከሩ መኪና ያመለጣቸው። አለቃቸው አገኘሁ የሚባል ረጅም ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ አሸተታት።

«እመት፣ ይች መኪና ምን በልታ ነው?»

«ያንተን ራት» አለችው። «ሁለት ሄክታር ነው፤ ከላይ በኩል ተከፍቷል። ትችላላችሁ?»

«የተከፈተውንማ በዚህ ፀሐይ ማጭድ ካስነካነው እጃችን ላይ ይፈሳል።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ከታች ያልተከፈተውን ትጀምራላችሁ። የተከፈተውን ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይነሳለት። ጤዛ የነካው አፉን ይገጥማል።»

አገኘሁ ወንዶቹን ዘወር ብሎ አያቸው። «ሴትዮዋ ታውቃለች» አለና ጥቅሉን መኪናዋ ላይ ወረወረ።

ያን ዕለት ከሰዓት እስኪጨልም ታችኛውን አጨዱ። አሰፋች ነዶ ታስራለች፤ እጇን በአመድም በሎሚም አጥባው ሽታው አልለቅ ስላላት፣ ምግብ ሲቀርብ አልበላም ብላ ዞር አለች። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አገዳው በጤዛ ርሶ ሳለ፣ ላይኛው ማሳ ውስጥ ገቡ። ማንም አላወራም። ማጭዱ አገዳውን እንዳያንቀጠቅጠው እንደ ሕፃን በእቅፍ እየያዙ ነው የሚቆርጡት። ጤዛው ሲደርቅ በመንገዱ በኩል ያለች አንዲት ቀጭን የማሳ ሽንጥ ብቻ ቀረች። አገኘሁ ማጭዱን አስቀመጠ። «ይችን ለወፍ ተይላት እመት፤ ብንነካትም አናተርፋትም።»

ነፋሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። በቀረችው ሽንጥ ላይ ሲያልፍ ፍሬው ሲንሿሿ ተሰማ። አሰፋች ዐይኗን ወደ ሂላዎቹ መለሰች። ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ነፋሱ ዳር ዳራቸውን ይነካል እንጂ አልጣላቸውም።

እንግዳው ሠራተኞቹን ሊመልስ መኪናዋን አምጥቶ ቆመ፤ ሞተሩን ሳያጠፋ። የተረገጠ እግሩን ያሻሻል።

«አብረሽን አትሄጂም እትዬ? ቾኩንስ ማን ይይዝልኛል?»

«ሽቦውን ጠዋት ነቅዬ ሽንት ቤት ጥዬዋለሁ። የሐምሌ ብርድ እስኪመጣ አያስፈልግህም፤ ከፈለግህ ግባና አውጣው።»

እንግዳው ጎንበስ ብሎ መሪው ሥር ያለውን ባዶ ቀዳዳ አየ። ሠራተኞቹ ከኋላ ሳቁበት።

«ይልቅ ሸሕዲ ስትደርስ» አለችው፣ ከጭሱ ሁለት እርምጃ ሸሽታ፤ «አየሁሽን ከትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቃትና 'እናትሽ ሰሊጡ ሂላ ገብቷል ብላለች፤ እንዳትመጪ' በላት። እጅህን ታጥበህ ቅረባት እንጂ፤ ደብተሯን እንዳትነካባት።»

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። አሰፋች ነፋሱ ጭሱን ወዲያ እስኪወስደው ጠበቀችና፣ የላላ ማሰሪያ ልታጠብቅ ወደ መጀመሪያው ሂላ ሄደች።